ሽጉጥ ልግዛ ላላችሁኝ እህቶቼ

ሰሞኑን ደጋግማችሁ የምትጠይቁኝ አንድ ነገር ነው። «የትኛውን ሽጉጥ ልግዛ? ስንት ብር ይበቃኛል?» አብዛኞቻችሁ እንደኔ ማታ የምትሠሩ ሴቶች ናችሁ። ነዳጅ ማደያ፣ ሱቅ፣ ፓርኪንግ። ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ላይ ሱቅ ዘግታ ብቻዋን ወደ መኪናዋ የምትሄድ ሴት ለምን እንደምትጠይቅ አልጠይቃትም። ይገባኛል።

የምኖረው ቴክሳስ ነው፣ ዳላስ አጠገብ ጋርላንድ። የምነግራችሁም የቴክሳሱን ነው። ሌላ ስቴት ያላችሁ የራሳችሁን ሕግ እዩ። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው።

መልሴን አስቀድሜ ልንገራችሁ። ሽጉጡ ላይ ብዙ ገንዘብ አታፍስሱ። ሦስት መቶ ዶላር የማይሞላ ሽጉጥ በደንብ ከተለማመዳችሁበት ይበቃል። የተረፈውን ሽጉጡ የሚገባበት ማህደር፣ ቀበቶው፣ የልምምድ ጥይቱና ቤት የሚቆለፍበት ካዝና ላይ አውሉት። በየወሩ አገር ቤት ብር እየላክን የምንኖር ሰዎች ነን። ያለችንን ሳንቲም የት እንደምናውላት ማሰብ አለብን።

ከዋጋው በፊት ግን ወረቀታችሁ ይቅደም።

ፈቃድ ካለው ሻጭ ስትገዙ 4473 የሚባል የፌዴራል ቅጽ ትሞላላችሁ። ከዚያ ስማችሁ ይጣራል። ግሪን ካርድ ያለው ሰው መግዛት ይችላል፤ የግድ ዜጋ መሆን የለበትም። በተማሪ ወይም በጎብኚ ቪዛ ያለ ሰው ግን ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር አይፈቀድለትም። ወረቀት የሌለው ሰው መግዛት ቀርቶ መያዝም ክልክል ነው። የጥገኝነት ጉዳያችሁ ያላለቀላችሁ ሱቅ ከመግባታችሁ በፊት ጠበቃችሁን ጠይቁ። «ጓደኛዬ በስሟ ትግዛልኝ» የሚባል ነገር ደግሞ እንዳይታሰብ። እሷንም እናንተንም የሚያሳስር የፌዴራል ወንጀል ነው።

ቅጹ ስለ አደንዛዥ ዕፅም ይጠይቃል። ማሪዋና በስቴቱ ቢፈቀድም በፌዴራል ሕግ ክልክል መሆኑን እዚያው ጽፎታል። ስለ ጫት ግን የሚነግራችሁ የለም። ትኩስ ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን በፌዴራል ሕግ ከሄሮይን ጋር አንድ ምድብ ውስጥ ነው የተቀመጠው። ይሄን ብዙ የኛ ሰው አያውቅም። ቅዳሜ ቅዳሜ ቅሞ ሰኞ ቅጹ ላይ «አልጠቀምም» ብሎ የሚፈርም ሰው ራሱን ትልቅ ጣጣ ውስጥ ይከታል። ግሪን ካርድ ላይ ያለ ሰው ደግሞ በመሣሪያ ወንጀል ከተፈረደበት ከአገር ሊባረር ይችላል። እባካችሁ ይሄን ቀለል አድርጋችሁ አትዩት።

ወደ ሽጉጡ ልመለስ።

መጀመሪያ የገባሁበት ሱቅ ሻጩ እጄን አየና 380 የምትባለውን ጥይት የምትተኩስ ሚጢጢ ሮዝ ሽጉጥ አወጣልኝ። «ለሴት የምትሆነው ይቺ ናት» አለኝ። እናንተም ይሄው ይገጥማችኋል። አትቀበሉ። ሽጉጥ ባነሰና በቀለለ ቁጥር ሲተኮስ ይብስ ይራገጣል። እጀታው አጭር ስለሆነ ትንሿ ጣት የምትይዘው ታጣለች። ማነጣጠሪያዋም ስለምታንስ በጭንቅ ሰዓት አትታይም። እንዲህ ያለችው ሽጉጥ ብዙ ለተኮሰ ሰው ናት፤ ለጀማሪ አይደለችም። ሴት ስለሆንን ብቻ ከባዱን ነገር ቀላል ነው ብለው ሲሰጡን በጣም ያናድደኛል።

ሥራ ቦታ ቀን ቀን የሚሠራ አንድ ትልቅ ሰው አለ። አገር ቤት ወታደር ነበር። ጋሼ ነው የምለው። ሳማክረው «ልጄ፣ ሳትተኩሺ እንዳትገዢ» አለኝ። ኪራይ ሽጉጥ ያለበት የተኩስ መለማመጃ አብሮኝ ሄደ። እነዚህ ቦታዎች ትንሽ ትከፍሉና የተለያየ ሽጉጥ እያነሳችሁ ትሞክራላችሁ። የምትገዙትን የምትመርጡት እዚያ ነው።

ግሎክ 19ን ሁሉም ሰው ይመክራል። እውነትም ጥሩ ሽጉጥ ነው። ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ አለ፤ 15 ጥይት ይይዛል፤ ሲተኮስም አይረብሽም። ግን አዲሱ አምስት መቶ ዶላርና ከዚያ በላይ ነው። እጀታውም ለኔ ወፈረብኝ። ሲግ ፒ365 በ2018 የወጣ ነው። ትንሽ ሆኖ 10 ጥይት የሚይዝ ካርታ ስላለው ገበያውን የቀየረው እሱ ነው ይባላል። ወደድኩት፤ ዋጋው ግን ከግሎኩ ብዙም አይርቅም። ስሚዝ ኤንድ ዌሰን ሺልድ ኢዚ የሚሉት ደግሞ ስላይዱ፣ ማለትም ጥይት ለማጉረስ ወደ ኋላ የሚሳበው የላይኛው ክፍል፣ በጣም በቀላሉ ይሳባል። መገጣጠሚያ የሚያማቸው እናቶች ካሉ ይሄን ያስቡበት።

እኔ የገዛሁት ታውረስ ጂ3ሲን ነው። የብራዚል ኩባንያ ነው። ጥይቱ 9 ሚሊ ሜትር፣ ካርታው 12 የሚይዝ፣ በርሜሉ 3.2 ኢንች። ባዶውን ስድስት መቶ ግራም ትንሽ ቢያልፍ ነው። ዋጋው ብዙ ጊዜ ከ250 እስከ 300 ዶላር ባለው ውስጥ ይገኛል። ርካሽ ስለሆነ የሚንቁት አሉ። ቃታው ረዥም መንገድ ይሄዳል፤ ይሄ እውነት ነው። ለኔ ግን ረዥም መሆኑ ሆዴ አጠገብ ለመታጠቅ ልብ ሰጠኝ። ኢላማው ላይም ጥይቶቼ ከውዱ ሽጉጥ በላይ ተቀራርበው ያረፉት በዚህ ነው። የሚቆጠረው ያ ነው።

«ስላይዱን መሳብ ያቅተኛል» ለምትሉ ጋሼ ያሳየኝን ላሳያችሁ። እጃችሁን ዘርግታችሁ አትታገሉ። ሽጉጡን ወደ ደረታችሁ አስጠጉት፤ አፈሙዙ ኢላማው ላይ እንዳለ ነው። በግራ እጃችሁ ስላይዱን ከላይ ጥርቅም አድርጋችሁ ያዙ። ከዚያ ግራውን ወደ ኋላ ከመጎተት ይልቅ በቀኝ እጃችሁ እጀታውን ወደ ፊት ግፉት። ጡንቻ የሌላት ሴት ሁሉ ታቀባብላለች። በዚህ ሁሉ መሃል ጣት ከቃታው ውጪ ነው። ጋሼ ይሄን እስኪሰለቸኝ ነው የደጋገመልኝ። ደግ አደረገ።

ገዝታችሁ ወዲያው እንዳትታጠቁት። መጀመሪያ ጥቂት መቶ የልምምድ ጥይት ይተኮስበት። ከዚያ ለመታጠቂያ የምትገዙትን አናቱ ጎድጓዳ የሆነውን ጥይትም ሞክሩበት፤ ውድ ነው ብላችሁ አትዝለሉት። ይሄ ጥይት አካል ሲያገኝ ስለሚሰፋ ዘልቆ ወጥቶ ከኋላ ያለን ሰው የመምታቱ ነገር ይቀንሳል። ሰው በሞላበት ነዳጅ ማደያ ለምንሠራ ይሄ ትልቅ ነገር ነው። በሙከራው የሚነክስ፣ የማይጎርስ ሽጉጥ ከሆነ መልሱት ወይም አሠሩት። ታጥቃችሁት አትውጡ።

አሁን ወደ ማስተካከሉ። እዚህ ላይ ነው ሰው ገንዘቡን የሚበትነው።

የኔን ሽጉጥ በጣም የጠቀመው የጥፍር ቀለም ነው። የፊቱን ማነጣጠሪያ በአልኮል ጠረግኩት። መጀመሪያ ነጭ ቀባሁ። ሲደርቅ በላዩ ላይ የሚያብረቀርቅ ብርቱካናማ ደረብኩበት። ነጩ ከሥር ስላለ ብርቱካናማው ይፈካል። ሽጉጡን ሳነሳ ዓይኔ መጀመሪያ የሚያገኘው ያችን ነጥብ ነው። ወጪው ከጥቂት ዶላር አያልፍም። በጨለማ የሚያበራ፣ ባትሪ የማይፈልግ የትሪቲየም ማነጣጠሪያ መግጠም የምትፈልጉም ትችላላችሁ። ጂ3ሲ ለግሎክ የተሠራውን ስለሚቀበል ገበያ ላይ ሞልቷል።

እጀታው ላይ ሻካራ ተለጣፊ ጎማ ለጠፍኩ። የዳላስ ሐምሌ እጅ ያልባል፤ ያላበ እጅ ደግሞ ይንሸራተታል። ካርታው ሥር ትንሿ ጣቴ የምታርፍበት መቀጠያ አስገባሁ። በዚህ ጨረስኩ።

መብራት ልገጥም አስቤ ነበር። ተውኩት። መብራት ያለው ሽጉጥ ለዚያ መብራት የተሠራ ሌላ ማህደር ይፈልጋል። ወጪው እጥፍ ነው። ደግሞ በሽጉጥ መብራት የማይታወቅ ነገር ላይ ማብራት ማለት ምናልባት ምንም ያላደረገ ሰው ላይ አፈሙዝ ማዞር ነው። ለብቻው የሚያዝ ጥሩ የእጅ ባትሪ ገዛሁ። በየምሽቱ የምጠቀመው እሱን ነው።

ቃታውን አልነካሁትም። የሚያቀሉ ዕቃዎች ይሸጣሉ፤ እኔ አልመክርም። ፋብሪካው ያበጀውን ደህንነት ያበላሻል። ነገ አያምጣውና ፍርድ ቤት ብትቆሙም ከሳሹ የሚያነሳው ነገር ይሆናል። የራስ ቅል ስዕልና ፉከራ ማስቀረጽም እንደዚያው። ሽጉጥን እንደ መትረየስ የሚያስተኩሰውን ትንሽ ዕቃ ደግሞ ማንም ቢያቀርብላችሁ ከዚያ ሰው ራቁ። ያለ ሽጉጡ ብቻውን መያዙ እንኳ በፌዴራል ሕግ እንደ መትረየስ ይቆጠራል።

ማህደር ላይ ግን አትሳሱ። ጠንካራ ፕላስቲክ ይሁን፤ ለዚያው ሽጉጥ ሞዴል የተሠራ፣ ቃታውን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን። ለሁሉም ይሆናል የሚባለው ለስላሳ ጨርቅ ሽጉጡ ሲወጣ ይጨማደዳል። ሽጉጡን ስትመልሱ ቀስ በሉ፤ በዓይናችሁ እያያችሁ። የሹራባችሁ ጫፍ ወይም የጃኬታችሁ ገመድ ቃታው ውስጥ ገብቶ ሊያስተኩሰው ይችላል። ቀበቶውም የማይታጠፍ ይሁን። ልብስ ያለቀበቶ የምትለብሱ ወገብ ላይ የሚታሰር ሰፊ መቀነት አለ፤ እሱም ቢሆን ቃታው ላይ ጠንካራ ሽፋን ያለው ይሁን።

ቦርሳ ውስጥ አትያዙት። ሌባ መጀመሪያ የሚነጥቀው ቦርሳ ነው። ልጆቻችንም ማስቲካ ፍለጋ የሚበረብሩት ቦርሳችንን ነው።

ልጅ ካላችሁ መጀመሪያ የሚገዛው ካዝናው ነው፤ ከሽጉጡ በፊት። ቴክሳስ ውስጥ ከ17 ዓመት በታች ያለ ልጅ የጎረሰ መሣሪያ ቢያገኝ ያላግባብ ያስቀመጠው ሰው በወንጀል ይጠየቃል። ሕጉ ባይኖርስ? ልጆቻችን ናቸው። ቁም ሳጥን ላይ ወይም ፍራሽ ሥር ማድረግ መደበቅ አይደለም። ልጆች ቤቱን ከኛ በላይ ያውቁታል።

ቴክሳስ ከሴፕቴምበር 2021 ጀምሮ 21 ዓመት የሞላውና በሕግ ያልተከለከለ ሰው ያለ ፈቃድ ወረቀት እንዲታጠቅ ፈቅዷል። እኔ ግን ወረቀቱን አወጣሁ፤ እናንተም አውጡ። የስቴቱ ክፍያ 40 ዶላር ነው። ትምህርት አለው፤ በ3፣ በ7 እና በ15 ያርድ ርቀት 50 ጥይት የሚተኮስበት ፈተናም አለው። ሕጉን የተማርኩት እዚያ ነው። ትምህርት ቤት ዙሪያ ያለው የፌዴራል ክልከላም ፈቃድ ላለው ሰው ይላላል። በየቀኑ ልጅ ለምታደርሱ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

30.06 እና 30.07 የሚል ቁጥር ያለበት መሣሪያ ከልካይ ማስታወቂያ በር ላይ ካያችሁ ታጥቃችሁ አትግቡ። ቀይ 51 ፐርሰንት የተጻፈበት ደግሞ ገቢው በአብዛኛው ከመጠጥ የሆነ ቤት ነው፤ እዚያም ክልክል ነው። ፖስታ ቤትም እንደዚሁ። ሥራ ቦታ ባለቤቱን አስቀድማችሁ ጠይቁ። ኡበርና ሊፍት የምትነዱ፣ ሁለቱም ሾፌር መሣሪያ ይዞ እንዳይሠራ ይከለክላሉ። ቤተ ክርስቲያን ሕጉ ቢፈቅድም እኔ ታቦት ወዳለበት ይዤ አልገባም፤ ቤት ቆልፌበት እሄዳለሁ። ሠርግና ልደት ላይ መጠጥ ካለ ሽጉጥ የለም። አንድ ብርጭቆም ቢሆን።

ፖሊስ ሲያስቆማችሁ ምን እንደምታደርጉ ከቤተሰብ ጋር ተነጋገሩበት። በ2016 ሚኒሶታ ውስጥ ፊላንዶ ካስቲል የሚባል ጥቁር ሰው ፈቃድ ነበረው። መሣሪያ እንደያዘም ለፖሊሱ በትሕትና ተናግሮ ነበር። እዚያው መኪናው ውስጥ ተገደለ፤ የሴት ጓደኛውና ትንሿ ልጇ አብረውት ነበሩ። የተኮሰው ፖሊስ በዓመቱ በነጻ ተለቀቀ። እኛም ጥቁሮች ነን፤ አንዳንዶቻችን በድንጋጤ እንግሊዝኛው ይጠፋብናል። መኪናው ውስጥ መብራት አብሩ። ሁለት እጃችሁ መሪው ላይ ይሁን። መንጃ ፈቃዱንና የመሣሪያ ፈቃዱን አንድ ላይ፣ ከሽጉጡ ርቆ በሚገኝ ቦታ አስቀምጡ። ሳይፈቀድላችሁ ወደ ምንም ነገር እጃችሁን አትስደዱ። ይሄን ባለቤቴና እኔ በቆመ መኪና ውስጥ ተለማምደነዋል።

በመጨረሻ፣ በጁላይ ለኢትዮጵያውያን የኳስ ፌስቲቫል ሌላ ስቴት በመኪና የምትሄዱ አላችሁ። የቴክሳስ ፈቃድ ሁሉም ስቴት ላይ አይሠራም። ዋሽንግተን ዲሲ ወይም ሜሪላንድ ስትገቡ አይሠራም። ሲልቨር ስፕሪንግ ክትፎ ልትበሉ ብላችሁ እስር ቤት እንዳታድሩ የምታልፉበትን የእያንዳንዱን ስቴት ሕግ ከመነሳታችሁ በፊት እዩ። እኔ ወደዚያ ስሄድ ሽጉጡን ካዝናው ውስጥ ቆልፌበት ነው የምሄደው።