ለጋሼ አርባ ጅማ ሄጄ

ጅማ የሄድኩት ለጋሼ አርባ ነበር። ጋሼ የምንላቸው የአክስቴን ባል ነው። ያረፉት በሰሙነ ሕማማት፣ ረቡዕ ቀን ነው። በሕማማት ሳምንት ፍትሐት አይደረግም፤ በዚያ ሳምንት ለሚያርፉ ሁሉ ሆሣዕና ዕለት አስቀድሞ ይጸለያል። ሥርዓቱን ሁላችንም እናውቀዋለን። ግን ማወቅ ሌላ፣ የራስን ሰው እንደዚያ በጸጥታ መቅበር ሌላ። ልጃቸው መቃብሩ አጠገብ ቆሞ «አባዬ እንዲሁ ሊሄድ ነው?» አለኝ። ላጽናናው ብዬ ትከሻውን ያዝኩና እንዲህ አልኩት፦ «ክርስቶስ ለመነሣቱ ያለው ማስረጃ በታሪክ ውስጥ ለየትኛውም ነገር ካለው ይበልጣል። አባትህም ይነሣሉ።»

ቀና ብሎ አየኝ። ምንም አልመለሰም። ዩኒቨርሲቲ የተማረው ታሪክ ነው።

ለፋሲካ ደውዬ «እንኳን አደረሰህ» ስለው፣ «አንተንም። መቃብሩ ጋ ያልከኝን ግን አልረሳሁትም፤ ለአርባው ስትመጣ ማስረጃህን ይዘህ ና» አለኝ። ድምፁ ውስጥ ቁጣ አልነበረም። የምሩን ነበር የጠየቀኝ።

ያን ንግግር ከየት እንዳመጣሁት አስታወስኩ። ስብከት ላይ ሰምቼው ነው፤ ደስ ስላለኝ ያዝኩት፣ አንድም ቀን አላጣራሁትም። ከዚያ በኋላ ያሉትን ሳምንታት ማታ ማታ ሳነብ ከረምኩ። ባነበብኩ ቁጥር አንድ ነገር እየጠራልኝ መጣ። ማስረጃ አለ፤ ጠንካራም ነው። እኔ ያልኩትን ያህል ግን አይደለም። ሐዘን ላይ ላለ ሰው ደግሞ ከማንም በላይ የተመዘነ ቃል ነው የሚገባው። ይህን ልነግረው ነበር የሄድኩት።

ዓርብ ንጋት ላይ ተነሣን። ከአዲስ አበባ ጅማ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ወሊሶ ላይ ቁርስ ስንበላ እንቁላል ፍርፍር አዘዝኩ። ዓርብ ነው፣ ግን በዓለ ሃምሳ ስለሆነ ጾም የለም። ሁልጊዜ ይገርመኛል ይሄ ነገር። ረቡዕና ዓርብን ያለማቋረጥ የሚጾም ሕዝብ ለሃምሳ ቀን ፍስክ ሲበላ፣ በሆዱ «ተነሥቷል» እያለ መመስከሩ ነው። ከወልቂጤ በኋላ መንገዱ ወደ ጊቤ ሲወርድ ሙቀቱ በመስኮት ገባ፤ ሁሉም ጃኬቱን አወለቀ። ሸለቆውን ተሻግረን ስንወጣ ምድሩ እየለመለመ መጣ። ከሰዓት ጅማ ገባን።

አክስቴ በር ላይ አቅፋ ሳመችኝ፣ ትንሽ አለቀሰች፣ ወዲያው «ምሳ በልተሃል?» አለች። ሳሎኑ ጥግ ላይ የጋሼ በርጩማ አለች። ባለ ሦስት እግር የጅማ በርጩማ፣ ከአንድ የዋንዛ ግንድ የተጠረበች፣ ሳትገጣጠም ሳትመታ። መሃሏ ጎድጎድ ብሏል። ጋሼ ሠላሳ ዓመት ከተቀመጡባት በኋላ እንጨቱ ቅባት የጠገበ ይመስላል፣ መብራት ሲያርፍበት ያበራል። ካረፉ ወዲህ ማንም አልተቀመጠባትም። የተናገረ የለም፤ ሁሉም ዝም ብሎ ሌላ ወንበር ይስባል።

ቅዳሜ ጠዋት የአክስቴ ልጅ «ና ጅሬን እንውጣ» አለኝ። ቤት ውስጥ ለነገ ድግስ ሽንኩርት የሚልጠው ሴት ብዙ ስለነበር መነጋገሪያ ቦታ አልነበረም። የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ከከተማው ወጣ ብሎ ኮረብታ ላይ ነው። የእንጨት ሥራው ሰው ያስቆማል። ሰገነቱን፣ መስጊዱን አየን። ዳግማዊ አባ ጅፋር በፈረንጆች አቆጣጠር ከ1878 እስከ 1932 ነው ጅማን የገዙት። አስጎብኚው ቁመታቸው ከሁለት ሜትር በላይ እንደነበር ይነግረናል፤ ስለ ፍርዳቸው ያወራል። የአክስቴ ልጅ «ይህን ከማን ሰማኸው?» አለው። «ከአያቴ» አለ ልጁ፣ ኮራ ብሎ።

ውጪ ወጥተን ሣሩ ላይ ተቀመጥን። «አየህ» አልኩት፣ «እኚህ ንጉሥ ካረፉ ዘጠና ዓመት አልፏል፣ ግን የአያት ቃል ይዘን እየተቀበልን ነው። የማርቆስ ወንጌል የተጻፈው ከስቅለቱ 40 ዓመት ገደማ በኋላ ነው። ሩቅ አይደለም።»

«ንጉሡ ረጅም ነበሩ ቢለኝ እቀበላለሁ» አለኝ። «ሞተው ተነሡ ቢለኝስ? ለአንድ አያት ቃል እንደዚያ እሺ አልልም። አንተም አትልም። ነገሩ በከበደ ቁጥር ማስረጃውም መክበድ አለበት።» ይሄ የቆየ ክርክር ነው፤ የስኮትላንዱ ፈላስፋ ሂዩም በፈረንጆች አቆጣጠር በ1748 ያሳተመው ጽሑፍ ላይ በሰፊው አለ። ልክ ነህ አልኩት። ልክ ነው እኮ! ከዚያ ደግሞ ቀጠለ። ማርቆስ መቃብሩ ጋ አንድ ጎልማሳ አለ፣ ማቴዎስ አንድ መልአክ፣ ሉቃስ ሁለት ሰዎች፣ ዮሐንስ ሁለት መላእክት። የሴቶቹም ቁጥር እንደዚያው። የማርቆስ መጨረሻ ደግሞ ጭራሽ ሌላ ጣጣ አለው። በ4ኛው መቶ ዘመን በተጻፉት በሲና እና በቫቲካን የግሪክ ቅጂዎች ላይ ወንጌሉ የሚያልቀው ምዕራፍ 16 ቁጥር 8 ላይ ነው። ሴቶቹ ፈርተው ሸሹ፣ ለማንም ምንም አልተናገሩም፣ አለቀ። ከቁጥር 9 እስከ 20 ያለው በእነዚያ ላይ የለም።

ይህን ከሱ አፍ ስሰማ ሆዴ ባር ባር አለኝ። አንብቤዋለሁ፣ ግን ከሌላ ሰው አፍ ሲሰማ ይለያል። ያየሁትን ነገርኩት። አራቱ ወንጌላት በዝርዝሩ ይለያዩ እንጂ ሁሉም መጀመሪያ ወደ መቃብሩ የሚያመጡት ሴቶችን ነው። መግደላዊት ማርያም አራቱም ላይ አለች። በዚያ ዘመን አይሁዳዊው ታሪክ ጸሐፊ ዮሴፈስ የሴት ምስክርነት ተቀባይነት እንደሌለው ይጽፋል። ታሪክ የሚፈጥር ሰው ሊያሳምን ቢፈልግ ጴጥሮስን ነበር መጀመሪያ የሚልከው። ዝም ብሎ ሰማኝና «እሺ፣ ይቺን እይዝልሃለሁ» አለ። ፀሐዩ ሲበረታ ወረድን።

ማታ ጎረቤታቸው ሐጂ መጡ። ጋሼ ባረፉ ቀን ድንኳኑን ያስተከሉት እሳቸው ናቸው። አክስቴ ቡና እየቆላች ነበር። ስለምን እንደምንከራከር ሲሰሙ ፈገግ አሉና፣ «እኛ ዘንድ ዒሳ ዐለይሂ ሰላም አልተሰቀሉም፤ አላህ ወደርሱ አነሣቸው። የእናንተ ክርክር ለኔ ከመጀመሩ በፊት ያለቀ ነው» አሉ። እኔም በጲላጦስ ዘመን መገደሉን ሮማዊው ታሪክ ጸሐፊ ታሲተስ በፈረንጆች በ116 ገደማ እንደጻፈው፣ ክርስቲያኖችንም እንደሚንቃቸው፣ ክርስቲያን ያልሆኑ የታሪክ ሰዎች ጭምር ስቅለቱን እንደሚቀበሉት ነገርኳቸው። «ለታሪክ ሰው ይበቃው ይሆናል፣ ልጄ። ለኔ ቁርኣኔ ይበቃኛል» አሉኝ። ከዚያ በላይ አልሄድንበትም፤ የሚያስፈልግም አልመሰለኝም።

የ40 ዓመቱን ጉዳይ ግን አክስቴ ሳታስበው መለሰችው። በ1977 ዓ.ም. በድርቁ ጊዜ የወሎ ሠፋሪዎች በመኪና ሲመጡ ያየችውን አነሣች። ክረምቱ ሳይገባ ነው የመጡት አለች። ሐጂ «የለም፣ ከክረምቱ በኋላ ነው» አሉ። እሷ የመጀመሪያዎቹን ዳቦ ይዛ እንደተቀበለቻቸው ታስታውሳለች፤ እሳቸው ደግሞ ያስታወሱት አንድ እግሩ ያበጠ ሽማግሌ ነው። አልተስማሙም። ሰዎቹ መምጣታቸውን ግን ማንም አልተጠራጠረም። የአክስቴን ልጅ አየሁት፤ እሱም አየኝ። «ሰው በመኪና መምጣቱ ተአምር አይደለም» አለኝ ቀስ ብሎ። እሱም እውነት ነው።

ከዚያ 1ኛ ቆሮንቶስ 15ን አወጣሁ። ለኔ ዋናው ይሄ ነው። ጳውሎስ ይህን ደብዳቤ የጻፈው በፈረንጆች በ54 ወይም በ55 ገደማ ነው፤ ከወንጌላቱ ይቀድማል። ስቅለቱ በ30 ወይም በ33 ነው ብንል ሃያ ምናምን ዓመት ብቻ አለፈው ማለት ነው። እዚያ ላይ «እኔ ደግሞ የተቀበልሁትን» ይላል። የተቀበለው ከእሱ በፊት ካመኑት ሰዎች ይመስላል። በገላትያ እንደጻፈው ኢየሩሳሌም ወጥቶ ጴጥሮስ ዘንድ 15 ቀን ተቀምጧል፤ የጌታን ወንድም ያዕቆብንም አይቷል። ስለዚህ «ታየ፣ ታየ» የሚለው ዝርዝር ከስቅለቱ ከጥቂት ዓመታት በላይ አይርቅም፤ ትንሣኤውን የማያምኑ ተመራማሪዎችም ብዙዎቹ ይህን ይቀበላሉ። ከዚያ «ከአምስት መቶ ለሚበዙ ወንድሞች ታየ» የሚለውን አነበብኩለት፦ «ከእነርሱም የሚበዙቱ እስከ አሁን አሉ አንዳንዶች ግን አንቀላፍተዋል።»

«አምስት መቶ ምስክር የለህም» አለኝ። «አምስት መቶ ሰው አየ ያለ አንድ ጳውሎስ ነው ያለህ።»

በሕይወቴ ስንቴ «አምስት መቶ የዓይን ምስክር» ብዬ እንዳስተማርኩ እግዜር ይወቀው። «አዎ» አልኩት። «አንድ ጳውሎስ ነው። ግን ሄዳችሁ ጠይቁ የሚል ጳውሎስ ነው።»

ቡናው ቀረበ። ሐጂ ጠጥተው መርቀው ወጡ። አክስቴ ወደ ጓዳ ገባች። ያኔ ነው የአክስቴ ልጅ ድምፁን ዝቅ አድርጎ የነገረኝ።

«አባዬን አይቼዋለሁ» አለ። «ከተቀበረ በአሥረኛው ቀን ገደማ። ሕልም አይደለም። ነቅቼ ነበር። በሩ ላይ ቆሞ፣ ያንን ቡናማ ሹራብ ለብሶ። ምንም አላለኝም። ከዚያ የለም። ለእማዬ አልነገርኳትም። ጴጥሮስም ያየው እንደዚህ ቢሆንስ?»

ለደቂቃ ያህል ቃል አልወጣኝም። ሐዘንተኞች ሟቹን ማየታቸው፣ ድምፁን መስማታቸው በየአገሩ ያለ፣ የተጠና ነገር ነው። ከትንሣኤው ውጭ ከሚሰጡት ማብራሪያዎች ሁሉ ጠንካራው እሱ ነው፤ አሁን ደግሞ ፊት ለፊቴ ቁጭ ብሎ በዓይኑ ያየኛል። ላሸንፈው አልፈለግሁም። ጥያቄ ብቻ ጠየቅሁት። «ስታየው ተነሣ አልክ?»

«አይ። መሞቱን አውቃለሁ። እንዲያውም ያኔ ነው በደንብ የገባኝ።»

«እነሱ ግን ተነሣ አሉ» አልኩት። የዚያ ዘመን አይሁድም መንፈስና ትንሣኤን ይለዩ ነበር። ጴጥሮስ ከእስር ወጥቶ በር ሲያንኳኳ ቤት ውስጥ ያሉት «መልአኩ ነው» ነው ያሉት፤ የሐዋርያት ሥራ 12 ላይ አለ። ትንሣኤ ለነሱ በመጨረሻው ቀን ለሁሉም የሚሆን ነው፤ ማርታም ለወንድሟ ያለችው ይህንኑ ነው። አንድ ሰው ለብቻው፣ በመሃል፣ ያውም በመስቀል የተረገመ፣ ተነሣ የሚል ሐሳብ የሚጠብቅ አልነበረም። አይተው «መንፈሱን አየን» ቢሉ ለሁሉም ይቀልላቸው ነበር። ደግሞስ ያዕቆብ? ወንድሞቹ በሕይወቱ ሳለ አላመኑበትም፤ ዮሐንስ 7 ይናገራል። ያ ያዕቆብ ግን የኢየሩሳሌም ቤተ ክርስቲያን አለቃ ሆነ፤ በ62 ገደማ በድንጋይ ተወግሮ እንደሞተ ዮሴፈስ ጽፏል። በመካከል ምን ተፈጠረ? የጳውሎስ ዝርዝር «ለያዕቆብ ታየ» ይላል። ሌላ የተጻፈ ምክንያት አላገኘሁም።

«ያዕቆብ ያስቸግረኛል» አለ ከብዙ ዝምታ በኋላ። «ሌላውን ላስረዳ እችላለሁ። ወንድምን ማሳመን ግን... ወንድም እኮ ያውቅሃል።»

ያኔ ልነግረው የመጣሁትን ነገርኩት። መቃብሩ ጋ ያልኩት ልክ አልነበረም፣ ይቅርታ አድርግልኝ አልኩት። ታሪክ እስከዚህ ያደርሰኛል፦ ሞተ፣ እነዚያ ሰዎች በጣም ቶሎ አየነው አሉ፣ ቃላቸውን አልቀየሩም፣ አንዳንዶቹም ሞቱበት። ከዚያ ወዲያ ያለውን እኔ አምናለሁ። ማመኔን ማስረጃ ብዬ ልሸጥልህ አይገባኝም ነበር። ምንም አላለም። ስኒዎቹን ሰብስቦ ወደ ጓዳ ወሰደ።

እሑድ ቅዳሴ አስቀደስን፣ መቃብሩ ላይ ተጸለየ። ካህኑ «ክርስቶስ ተንሥአ እሙታን» ሲሉ ሰዉ «በዐቢይ ኃይል ወሥልጣን» ብሎ መለሰ። ቀኑን ሙሉ ሰው ሲበላና ሲጠጣ ዋለ፤ ወደ ማታ ጸጥ አለ። የቀረነው ሦስታችን ነበርን። አክስቴ ዓይኗ ደክሟል፣ ማንበብ አትችልም። «ትናንት ማታ የምትጨቃጨቁበትን እስቲ አንብቡልኝ» አለች። መጽሐፉን አነሣሁ። የአክስቴ ልጅ ከእጄ ተቀበለኝ። አካባቢውን አየት አየት አደረገና በእግሩ የጋሼን በርጩማ ሳብ አድርጎ ተቀመጠባት።

አክስቴ አየችው፤ ምንም አላለችም። ነጠላዋን አስተካከለች።

ከላይ ጀምሮ አነበበ። ድምፁ የአባቱን ድምፅ ይመስላል፤ ከዚያ በፊት አስተውዬው አላውቅም። አምስት መቶው ጋ ደረሰ። «ከእነርሱም የሚበዙቱ እስከ አሁን አሉ አንዳንዶች ግን አንቀላፍተዋል» አለና ቆመ። ጣቱ መስመሩ ላይ እንዳለ ቀረ።

«ቀጥል» አለችው እናቱ።

ጉሮሮውን ጠረገ። «ከዚያ በኋላም ለያዕቆብ...» ብሎ ቀጠለ።