ልቅ ሄልሜት፣ ጠባብ ሄልሜት

የመጀመሪያ ሄልሜቴን የገዛሁት ሃያ ደቂቃ በማይሞላ ጊዜ ውስጥ ነበር። ሞተር ሳይክሉን ለመምረጥ ሁለት ወር ሙሉ ያነበብኩ፣ የጠየቅኩና ያወዳደርኩ ሰው፣ ሄልሜቱ ላይ ስደርስ ግን ቀለሙ ዓይኔ የገባውን ከመደርደሪያ አንስቼ፣ ራሴ ላይ አጥልቄ፣ ምንም ሳይጫነኝ ገብቶ ምንም ሳይጫነኝ ስለወጣ ብቻ «ይሄ ይመቸኛል» ብዬ ከፈልኩ። ሻጩም «ሰፋ ሲል ነው የሚሻለው፤ አያፍንህም» አለኝ፤ አመንኩት። ይህን የምጽፈው ያ ምክር መንገድ ላይ መንዳት ለሚጀምር ሰው ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ በራሴ ስላየሁ ነው።

ከሦስት ሳምንት ገደማ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈጣን መንገድ ላይ ወጥቼ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር እየነዳሁ ነበር። መስመር ለመቀየር አስቤ በግራ ትከሻዬ በኩል ወደ ኋላ ለማየት ራሴን ሳዞር ነፋሱ ከአገጬ በኩል ገብቶ ሄልሜቱን ወደ ላይ አነሳው። ራሴ ዞረ፣ ሄልሜቱ ግን አብሮኝ አልዞረም፤ የግራ ዓይኔ የሚያየው የውስጡን ጥቁር ጨርቅ ብቻ ሆነ። ቢበዛ ሁለት ሰከንድ ቢሆን ነው፤ በዚያ ፍጥነት ግን ሁለት ሰከንድ ማለት በአንድ ዓይን የተነዳ ከ40 ሜትር በላይ መንገድ ነው። ዳር ይዤ ቆምኩና እጄ መንቀጥቀጡን እስኪተው ጠበቅሁ።

ማታ ቤቴ ገብቼ ሄልሜቱን አጠለቅኩ፣ ማሰሪያውን አገጬ ሥር አጥብቄ አሰርኩ፣ ከዚያም በማጅራቴ በኩል የታችኛውን ጠርዝ ይዤ ወደ ላይና ወደ ፊት ሳብኩት። ያለ ብዙ ትግል ከማጅራቴ ተነቅሎ ፊቴ ላይ ተደፋ። ማሰሪያው እንደታሰረ ነበር። ይህን ፍተሻ ከመግዛቴ በፊት መደብሩ ውስጥ ባደርገው ኖሮ አንድ ደቂቃ እንኳ አይፈጅብኝም ነበር።

ልቅ ሄልሜት ለምን እንደማይጠብቅ የሚገባን አሠራሩን ስናውቅ ነው። ከውጭ የሚታየው ጠንካራ ቅርፊት፣ ከፖሊካርቦኔትም ሆነ ከፋይበር ግላስ ወይም ከካርቦን ፋይበር ይሠራ፣ ሥራው ምቱን በሰፊ ቦታ ላይ መበተንና ሹል ነገር እንዳይዘልቅ መከልከል ነው። አንጎልን የሚያድነው ዋናው ክፍል ግን ከቅርፊቱ ሥር ያለው፣ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ታሽጎበት ከሚመጣው ነጭ ፎም ጋር አንድ ዓይነት የሆነው፣ ኢፒኤስ የሚባለው ንብርብር ነው። ራስ ሲመታ ይህ ፎም ይጨፈለቃል፤ እየተጨፈለቀም ራሱ የሚቆምበትን ጊዜ በጥቂት ሺኛ ሰከንዶች ያራዝመዋል፤ በራስ ቅል ውስጥ ያለው አንጎል የሚተርፈው በእነዚያ ሺኛ ሰከንዶች ነው። ቆዳችንን የሚነካው ለስላሳ ጨርቅና ስፖንጅ ሄልሜቱን ከራሳችን ጋር ለማጣበቅ እንጂ ምትን ለመቀበል የተሠራ አይደለም። እንግዲህ በራስና በፎሙ መካከል ክፍተት ካለ፣ ራስ በአደጋ ጊዜ ያንን ክፍተት አቋርጦ ነው ፎሙን የሚያገኘው፤ ከአንድ ጊዜ በላይ በሚያገላብጥ አደጋ ደግሞ ከመጀመሪያው ምት በኋላ ሄልሜቱ ራስ ላይ መኖሩም አጠራጣሪ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣ፣ በርካታ ጥናቶችን ያጠናቀረ ግምገማ ሄልሜት የሞትን አደጋ በ42 በመቶ፣ የራስ ጉዳትን አደጋ ደግሞ በ69 በመቶ እንደሚቀንስ አግኝቷል፤ ይህ ሁሉ ጥቅም ግን ሄልሜቱ ከራስ ላይ ካልወለቀ ነው።

የዚህ ዕውቀት መነሻ አንድ የሞተር አደጋ መሆኑ ሁልጊዜ ልቤን ይነካዋል። የዓረቢያው ላውረንስ በመባል የሚታወቀው ቶማስ ኤድዋርድ ላውረንስ እ.ኤ.አ. በግንቦት 1935 ከሞተሩ ወድቆ ራሱን ተጎዳና ሳይነቃ በስድስተኛው ቀን ሞተ። ካከሙት ሐኪሞች አንዱ የነበረው የነርቭ ቀዶ ሕክምና ባለሙያ ሂዩ ኬርንስ ከዚያ በኋላ የሞተረኞችን የራስ ጉዳት ማጥናት ያዘ፤ በ1941 ባሳተመው ጽሑፍም የሄልሜትን ጥቅም አሳየ፤ በዚያው ዓመት የብሪታንያ ጦር ለመልእክተኛ ሞተረኞቹ ሄልሜትን ግዴታ አደረገ። አንድ ሐኪም ሊያድነው ስላልቻለው ሰው ማሰቡን ባይተው ኖሮ፣ ስንቶቻችን ዛሬ በሕይወት እንደማንኖር አስባለሁ።

ወደ ልኩ ልመለስ፤ ከሁሉ በላይ መናገር የምፈልገው ስለ እሱ ነውና። የልብስ ሰፊ ሜትር ወስዳችሁ ከቅንድብ በላይ ሁለት ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል ከፍ ብላችሁ፣ ከጆሮ በላይ አሳልፋችሁ፣ ከኋላ በኩል ራሳችሁ ጎላ በሚልበት ቦታ አዙራችሁ ለኩ፤ ሦስት ጊዜ ለክታችሁ ትልቁን ቁጥር ያዙ። የእኔ 57 ሴንቲ ሜትር ነበር፤ የገዛሁት ግን ለ60 የተሠራ ነበር። አምራቾች መካከለኛና ትልቅ የሚሉት ልክ እንደማይገጥም አትርሱ፤ የአንዱ መካከለኛ ለሌላው ትልቅ ሊሆን ስለሚችል፣ ከፊደሉ ይልቅ በሴንቲ ሜትር የተጻፈውን ሰንጠረዥ ማየት ይገባል።

ሜትር ግን የማይነግረን ነገር አለ፤ እሱም የራስ ቅርጽ ነው። ዙሪያቸው እኩል 57 የሆኑ ሁለት ሰዎች፣ አንዱ ከላይ ሲታይ ክብ፣ ሌላው ከግንባር እስከ ማጅራት ረዘም ያለ ራስ ሊኖራቸው ይችላል። ሁለተኛውን ሄልሜት ልገዛ ስሄድ መጀመሪያ የሞከርኩት በሰንጠረዡ መሠረት ትክክለኛ ልኬ ነበር፤ ስለዚህ አጠልቄው አንድ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። አምስት ደቂቃ ምንም አልነበረም። በአሥረኛው ደቂቃ ግንባሬ መሐል ላይ አንድ ሰው በአውራ ጣቱ የሚጫነኝ መሰለኝ፤ በአሥራ አምስተኛው ስቃዩ ወደ ዓይኖቼ ወረደ። ሳወልቀው በመስታወት ያየሁት የሳንቲም መጠን ያለው ቀይ ክብ ነበር። ሄልሜቱ ለክብ ራስ የተሠራ ነው፣ የእኔ ደግሞ ረዘም ያለ ነው። ከዚያ ሌሎች ሦስት ሞክሬ አራተኛው ተስማማኝ፤ ሠራተኛዋ በትዕግሥት እያቀበለችኝ ሰላሳ ደቂቃ ያህል እያንዳንዱን እንዳጠለቅኩ መቀመጤን አልተቃወመችም፤ ስለዚህም እስከ ዛሬ አመሰግናታለሁ።

በደንብ የሚገጥም አዲስ ሄልሜት ሲገባ ጆሮን እያጠፈ፣ ትንሽ እያታገለ ነው። ከገባ በኋላ ጉንጭ ወደ ውስጥ ይገፋል፤ የእኔ አሁን ያለው በመጀመሪያው ሳምንት ስናገር ጉንጬን ከውስጥ ያስነክሰኝ ነበር፤ ይህ ጉድለት አይደለም። በግንባርና በስፖንጁ መካከል ጣት መግባት የለበትም። ሄልሜቱን በሁለት እጅ ይዛችሁ ግራና ቀኝ ስታወዛውዙት የፊታችሁ ቆዳ አብሮት መሄድ አለበት እንጂ ሄልሜቱ በቆዳው ላይ መንሸራተት የለበትም። የጉንጭ ስፖንጅ ከ15 እስከ 20 ሰዓት በሚሆን መንዳት ውስጥ ይለሰልሳል፤ ግንባርን የሚጫነው ጠንካራው ፎም ግን አይለሰልስም። ስለዚህ በሁለት ልኮች መካከል የዋለለ ሰው፣ ጥበቱ ጉንጩ ላይ ከሆነ ትንሹን ቢወስድ፣ ግንባሩን ወይም ጆሮ ግንዱን የሚያመው ከሆነ ደግሞ ሌላ ሞዴል ቢፈልግ እላለሁ። ሰውን የሚያሳስተው በሕመሙ ምክንያት ትልቁን መግዛት ነው፤ ያን ጊዜ ቅርጹም ልኩም አይገጥምም።

ስለ ደረጃ ምልክቶች ጀማሪ ማወቅ ያለበት ብዙ አይደለም። በተባበሩት መንግሥታት ሥር የወጣው የአውሮፓ ደንብ፣ ኢሲኢ 22 የሚባለው፣ ሄልሜቱ ለሽያጭ ከመቅረቡ በፊት በገለልተኛ ቤተ ሙከራ እንዲፈተሽ ያስገድዳል፤ የአሜሪካው ዶት ግን አምራቹ ራሱ አሟልቻለሁ ብሎ የሚለጥፈው ምልክት ሲሆን መንግሥት የሚፈትሸው ገበያ ላይ ከዋለ በኋላ በናሙና ነው። አዲሱ የኢሲኢ ቅጂ 22.06 ከቀደመው 22.05 የሚለየው በዋናነት ሄልሜቱ በሰያፍ ተንሸራቶ ሲመታ ራስን ምን ያህል እንደሚያጠማዝዝ ጭምር በመለካቱ ነው፤ መንገድ ላይ የሚወድቅ ሰው ቀጥ ብሎ የሚመታው ከስንት አንዴ ስለሆነ ይህ ትልቅ መሻሻል ይመስለኛል። የኢሲኢ ምልክት ብዙውን ጊዜ ማሰሪያው ላይ ተሰፍቶ ይገኛል፤ ከኋላ የተለጠፈን ተለጣፊ ብቻ አይቶ መግዛት አይበቃም፤ ተለጣፊን ማንም ማተም ይችላልና። ብሪታንያ እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ ሻርፕ በተባለ መርሐ ግብር ሄልሜቶችን እየፈተሸች ከአንድ እስከ አምስት ኮከብ ትሰጣለች፤ ከውጤቶቹ መረዳት እንደሚቻለው ውድ መሆን ብቻውን የደኅንነት ማረጋገጫ አይደለም።

በዓይነት በኩል፣ ለመንገድ ጀማሪ ፊትን ሙሉ የሚሸፍነውን እመክራለሁ። አገጭ ከራስ ክፍሎች ሁሉ በብዛት ከሚመቱት አንዱ ነው፤ ፊቱ ክፍት የሆነ ሄልሜት እዚያ ላይ ምንም አይሰጥም። አገጩ ወደ ላይ የሚከፈተው መነጽር ለሚያደርግ ሰው በጣም ምቹ ነው፤ ነገር ግን በመለያው ላይ አገጩ መከላከያ ሆኖ መፈተሹን የሚያሳየውን፣ በላቲን የሚጻፈውን «ፒ» ፊደል ፈልጉ፤ «ኤንፒ» የሚል ከሆነ አገጩ የነፋስ መከላከያ እንጂ የምት መከላከያ አይደለም።

ዓይንን የሚሸፍነውን የሄልሜቱን መስታወት በተመለከተ፣ ጥቁር መስታወት ማታ አያገለግልም፤ በትንፋሽ እንዳይጋረድ የሚያደርግ ሁለተኛ የውስጥ ሽፋን የሚቀበል ቢሆን ደግሞ ዝናብ ላይ ዋጋውን ታዩታላችሁ። ስለ ቀለም አንድ ነገር ብቻ ልበል፤ እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣ፣ በኒውዚላንድ የተካሄደ ጥናት ነጭ ሄልሜት ያደረጉ ሞተረኞች ጥቁር ካደረጉት ይልቅ የጉዳት አደጋቸው በ24 በመቶ ዝቅ ያለ ሆኖ አግኝቷል። የእኔ የመጀመሪያው ጥቁር ነበር፤ አሁን ያለው ነጭ ነው።

ያገለገለ ሄልሜት አትግዙ። ፎሙ አንድ ጊዜ ከተጨፈለቀ ወደ ነበረበት አይመለስም፤ ጭፍለቃውም ከቅርፊቱ ሥር ስለሆነ ከውጭ ላይታይ ይችላል፤ ባለቤቱ «አልወደቀም» ቢልም እናንተ የምታረጋግጡበት መንገድ የላችሁም። በአደጋ የተመታን ሄልሜት መተካት የግድ ነው፤ ያልተመታውንም በተለምዶ ከአምስት ዓመት አገልግሎት በኋላ መቀየር ይመከራል። በቤንዚን ወይም በቀለም ማቅጠኛ አትጥረጉት፤ ፖሊካርቦኔትንም ፎሙንም ይበላል። ለብ ያለ ውኃና ለስላሳ ሳሙና ይበቃል።

ልቁን ሄልሜቴን ምን እንደማደርገው ሳሰላስል አንድ የሥራ ባልደረባዬ ሞተር መንዳት ለጀመረው ታናሽ ወንድሙ እንድሰጠው ጠየቀኝ። ገና አዲስ ነበርና መከልከሉ ከበደኝ። በማግስቱ ልጁን ጠርቼ ሜትሩን በራሱ ዙሪያ አዞርኩ፤ 56 ነበር፤ ከእኔም ያነሰ። የሄልሜቱን ማሰሪያ በመቀስ ቆርጬ ጣልኩና፣ ቅዳሜ ጠዋት ሁለታችን መደብሩ ውስጥ ወንበር ስበን፣ እሱ ጉንጩ ተጨፍልቆ፣ እኔ ሰዓቴን እያየሁ፣ ሰላሳ ደቂቃው እስኪሞላ ተቀመጥን።