ፎርሙ ላይ «ቴአትር» ብላችሁ አትጻፉ

ደሴ ውስጥ አማርኛ ሳስተምር ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ስምንቱን ዓመት ተውኔት ያስተማርኩት እንዲህ ነው፦ መቼት፣ ገጸ ባሕርይ፣ ግጭት ብዬ ሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ፣ ልጆቹ ይገለብጣሉ፣ አለቀ። አንድም ቀን ቃለ ተውኔቱን ድምፄን ከፍ አድርጌ አላነበብኩላቸውም። አፍር ነበር። ኮሌጅ እያለሁም ቆመሽ አንብቢ ያለኝ የለም።

አምና ሰባት መምህራን ተጠራርተን ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት እርስ በርስ መሠልጠን ጀመርን። ክፍል ተፈቀደልን፤ ቡናውን በየተራ አመጣን። እስከዚህ ቀላል ነው።

ጉዱ የመጣው ሰዓቱን ላስመዝግብ ስል ነው። እንደምታውቁት መምህር በዓመት 60 ሰዓት ሲፒዲ፣ ማለት ተከታታይ የሙያ ማሻሻያ፣ ይጠበቅበታል። እኛ 24 ሰዓት ሠርተናል። «የቴአትር ሥልጠና ለአማርኛ መምህራን» የሚል ወረቀት ይዤ ትምህርት ቢሮ ገባሁ። ባለሙያው ርዕሱን ብቻ አይቶ መለሰልኝ።

«እህቴ፣ ቴአትር ከሆነ ባህልና ቱሪዝም ነው።»

እኔ ሞኟ ሄድኩ። እዚያ ደግሞ «ክበብ ናችሁ? ፈቃድ አላችሁ?» አሉኝ። መምህራን ነን ስላቸው «ታዲያ ትምህርት ቢሮ ምን ሠርቶ ይበላል?» ብለው ሳቁ። ተመለስኩ፤ ሰውየው ስብሰባ ነው። በማግስቱም ስብሰባ ነው። በሦስተኛው ቀን የጦሳ ተራራ ጉም ከተማው ላይ ተኝቶ፣ ብርዱ አጥንት እየሰበረ፣ በር ላይ ሁለት ሰዓት ቆሜ አገኘሁት።

«ቲቸር፣ ይሄ ዓመታዊ ዕቅድሽ ላይ አለ?»

የለም። መስከረም ላይ ዕቅዴን ከካቻምናው ገልብጬ ነበር የሞላሁት፤ «የተከታታይ ምዘና ችግሮች» ይላል። ሁላችንም የምንሞላው እንደዚያ ነው፣ አንዋሽ። «ደግሞ ፈተና ላይ ለማይመጣ ነገር» ብሎ ወረቀቱን መለሰልኝ። ይቺ ንግግር እስከዛሬ ታንገበግበኛለች። ግን ባጃጅ ውስጥ ሆኜ የተጣላሁት ከራሴ ጋር ነው። አሥር ደቂቃ ወስጄ ዕቅዴን በራሴ እጅ ብጽፈው ኖሮ ምን ይለኝ ነበር?

የሲፒዲ መመሪያው የትምህርት ቤታችሁን ችግር ለዩና ቅድሚያ ስጡ ይላል። እኔ የምለው፣ የዕቅዱ ፎርም ላይ እነሱ የለመዱትን ቃል ጻፉ። «የመናገርና የማንበብ ክሂል» በሉት። ውሸት አይደለም፤ ተውኔት ሌላ ምንድን ነው?

ሥልጠናውንም በሞጁል አትጀምሩ። ሦስት ቅዳሜ በፕሮጀክተር «የተውኔት አላባውያን» እያልን አባከንን። በአራተኛው የጸጋዬ ገብረ መድኅንን «ጴጥሮስ ያችን ሰዓት» ይዘን ቆምን። በ1928 ጣሊያን የረሸናቸው የአቡነ ጴጥሮስ ታሪክ ነው። ሁላችንም ተንተባተብን። ምክንያቱ በኋላ ነው የገባን። አፋችን የለመደው በስንኙ ግማሽ ግማሽ ስድስት ስድስት ቀለም (የድምፅ ምት) የሚሄደውን የግጥም ዓይነት፣ ወል ቤትን ነው። የጸጋዬ ቤት ግን ስምንት ስምንት ነው። ስድስተኛው ላይ ትንፋሻችንን ስለምንጨርስ ስንኙ መሐል ላይ ይሰበራል።

ያዳነችን መንዙማ እየሰማች ያደገች ባልደረባችን ናት። «ቆጠራውን ተዉት» ብላ ማጨብጨብ ጀመረች። በጭብጨባው ላይ የጳጳሱን ጸሎት እሷው አነበበችው፤ ክፍሉ ጸጥ አለ። ሙስሊም ሆና የጳጳስ ጸሎት ማንበቧ ማንንም አልገረመም፤ ወሎ ነዋ። ሰኞ ዕለት ክፍሌ ገብቼ ልጆቹን አስጨበጨብኳቸው። ከኋላ ወንበር ተኝቶ የሚውለው ልጅ «እኔ ላንብብ» ብሎ እጁን አወጣ።

ለጀማሪ ግን ጴጥሮስም ይከብዳል። ሐምሌትንማ ጭራሽ አትንኩ፤ የጸጋዬ ትርጉም ግሩም ቢሆንም መምህሩን ያስፈራዋል። ከመንግሥቱ ለማ «ያላቻ ጋብቻ» ጀምሩ። ኮሜዲ ነው። መምህሩ ራሱ ሲስቅ እፍረቱ ይለቀዋል።

ዘንድሮ መስከረም ላይ ዕቅዴን «የመናገርና የማንበብ ክሂልን ማሻሻል» ብዬ ሞላሁት። ያው ባለሙያ ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ ፈረመበት። ያምናው 24 ሰዓት ግን አሁንም ዜሮ ነው።