ብልሃት ለቀማ፦ እስከ አሁን የደረስኩበት

ብልህ ንድፍ ያላቸውን ዕቃዎች፣ አዳዲስ መሣሪያዎችንና የፈጠራ ድረ ገጾችን እየፈለግሁ በደብተር መመዝገብ ከጀመርኩ ወዲህ አሠራሬ ቀስ በቀስ መልክ ይዟል። በዚሁ ነገር ፍቅር ላደረባችሁ ይጠቅም ይሆናል ብዬ የደረስኩበትን አካፍላችኋለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

አንድን ነገር «ይህንን እዩልኝ» ብዬ ለሰው ከመላኬ በፊት ሁለት ጥያቄዎችን እመልሳለሁ፦ የማንን ችግር አቃለለ? እንዴት አድርጎ? ለሁለቱ አጭር መልስ ካላገኘሁ፣ ነገሩ ምንም ያህል ዓይነ ግቡ ቢሆን ደብተሬ ውስጥ አይገባም። መልክ ብቻውን ቶሎ ይሰለቻል። አሠራሩ የገባን ዕቃ ግን በተጠቀምንበት ቁጥር ያስደስተናል፤ ለሌላ ሰው ስንነግረውም ወሬው ጣዕም አለው።

ለጀማሪ የምመክረው ዕቃ በየኪሱና በየጠረጴዛው የማይጠፋው የቢክ እስክሪብቶ ነው። ማርሴል ቢሽ በ1950 ፈረንሳይ ውስጥ ለገበያ ያቀረበው፣ የሃንጋሪው ተወላጅ ላስሎ ቢሮ ቀደም ሲል የፈጠረውን ባለ ኳስ እስክሪብቶ አሻሽሎ ነበር። ወደ ብርሃን ያዙትና ቀስ ብላችሁ አገላብጡት። ስድስት ጎን አለው፤ ክብ ቢሆን ኖሮ ከጠረጴዛ ላይ እየተንከባለለ ይወድቅ ነበር። ገላው እንደ መስታወት የሚያሳየው ቀለሙ የት እንደደረሰ እንድናውቅ ነው። ጎኑ ላይ በመርፌ የተወጋች የምትመስል ቀዳዳ አለች። ቀለሙ ሲቀንስ በቦታው አየር መግባት አለበት፤ ካልገባ ከቀለሙ ኋላ ያለው ግፊት ይወርድና ቀለሙ ወደ ጫፉ መውረድ ያቅተዋል። ያቺ ቀዳዳ የውስጡንና የውጪውን ግፊት እኩል ታደርጋለች። ጫፉ ላይ ያለችው ኳስ ደግሞ ከተንግስተን ካርባይድ የተሠራች፣ 1 ሚሊ ሜትር ያህል ስፋት ያላት ጠንካራ ነገር ናት። ወረቀቱ ላይ ስትሽከረከር በአንድ ወገኗ ከውስጥ ቀለም እየተቀባች በሌላው ወገኗ ታትማለች።

ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ግን ክዳኑ ነው። የክዳኑ አናትም ቀዳዳ አለው፤ ይኼኛው ከቀለሙ ጋር ምንም ግንኙነት የለውም። ሕፃን ልጅ ክዳኑን ውጦ ጉሮሮው ላይ ቢቀረቀርበት፣ እርዳታ እስኪደርስ ድረስ ጥቂት አየር እንዲያልፍ የተበጀ ነው። ይህን ሳውቅ እጄን በአፌ ጫንኩ። ሰው ስለ መጻፊያ ሲያስብ ቆይቶ ስለማያውቀው ልጅ ትንፋሽ አሰበ ማለት ነው። የኒው ዮርኩ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ይህን ተራ እስክሪብቶ በስብስቡ ውስጥ ማኖሩ ሲያንሰው ነው እላለሁ።

ከእስክሪብቶው የወሰድኩት ልማድ አለ። አዲስ ዕቃ እጄ ሲገባ መጀመሪያ የምፈልገው ምክንያቱ በግልጽ የማይታይ ቀዳዳ፣ ጉብታ ወይም ጭረት ነው። ፋብሪካ ያለ ምክንያት ተጨማሪ ቀዳዳ አይበሳም፤ እያንዳንዱ ቀዳዳ የማምረቻ ቅርጽና ገንዘብ ይፈልጋል። ስለዚህ «ይህቺ ምን ትሠራለች?» የሚለው ጥያቄ ብዙ ጊዜ ወደ አንድ ታሪክ ያደርሳል። ኪቦርድ ፊታችሁ ካለ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ በጣታችሁ ዳስሱት፤ ኤፍ እና ጄ በሚባሉት ፊደላት ላይ ትንንሽ ጉብታ ታገኛላችሁ። ሁለቱ ሌባ ጣቶች ቦታቸውን ሳያዩ እንዲያገኙ ነው። በስልክ ቁጥሮች መካከል 5 ላይ ያለችው ጉብታም ሥራዋ ይኸው ነው።

ሁለተኛው ተወዳጄ ጭራሽ ዕቃ ሊባል አይችልም። በመኪና ዳሽቦርድ ላይ፣ የነዳጅ መጠን ከሚያሳየው ምልክት አጠገብ አንዲት ትንሽ ቀስት አለች። የነዳጅ መሙያው አፍ በመኪናው በየትኛው ጎን እንዳለ ትጠቁማለች። ብዙ አሽከርካሪዎች ለዓመታት እያዩዋት ልብ አይሏትም። ሐሳቡን ያመነጨው በፎርድ ኩባንያ ይሠራ የነበረው ጂም ሞይላን ነው። በ1986 ከኩባንያው መኪኖች አንዱን ይዞ በዝናብ ነዳጅ ሊቀዳ ሲቆም መሙያው በሌላው ጎን ሆነበትና በሰበሰ። ቢሮው እንደተመለሰ ግን ቀስቷ በመለኪያው አጠገብ እንድትጨመር የሚጠይቅ ማስታወሻ ጽፎ አስገባ። ቀስቷ በ1989 ሞዴል መኪኖች ላይ ወጣች፤ ዛሬ ደግሞ በየትኛውም ኩባንያ መኪና ላይ ማለት ይቻላል ትገኛለች። ሞተር የላት፣ ሽቦ የላት፣ ባትሪ አትፈልግ! ጥቂት ቀለም ብቻ ናት፤ ያም ሆኖ የሚሊዮኖችን መንከራተት አስቀርታለች።

በዚህ ምክንያት ከደብተሬ ኋላ «የብስጭት ገጽ» ከፍቻለሁ። የሚያስቸግረኝን ትንሽ ነገር ሁሉ ሳይበርድልኝ እጽፈዋለሁ፦ በየትኛው በኩል እንደሚከፈት የማያስታውቅ ማሸጊያ፣ መሳብ ይሁን መግፋት የማይለይ የበር እጀታ፣ ጨለማ ውስጥ የማይገኝ ማብሪያ። ከዚያ ይህን ችግር ከእኔ በፊት የፈታው ማን እንደሆነ ፍለጋ እወጣለሁ። ዝም ብሎ ከመንከራተት ይልቅ ችግርን ይዞ መፈለግ እጅግ ያዋጣል። ካገኘኋቸው መልካም ነገሮች አብዛኞቹ የመጡት በዚህ መንገድ ነው።

በዚያ ገጽ ላይ ስለ እጀታዎች ስጽፍ የደረስኩበት የኦክሶ ኩባንያ የአትክልት መላጫ ነው። ሳም ፋርበር የተባለው ሥራ ፈጣሪ ባለቤቱ ቤትሲ የመገጣጠሚያ ሕመም ስለነበረባት በቀጭኑ የብረት መላጫ መሥራት ሲያቅታት አየ። በ1990 ለገበያ የቀረበው መላጫ ወፍራም፣ ለስላሳና የማያንሸራትት የጎማ እጀታ ነበረው። ለታመመ እጅ የታሰበው ለጤነኛ እጅም ተመራጭ ሆነ። ለአንድ ሰው ችግር በቅርብ ማሰብ ለብዙ ሰው እንደሚተርፍ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አላውቅም።

አሁን ደግሞ ሌት ተቀን ስለማወራለት መሣሪያ ልንገራችሁ። ልጆች ቁልፍ ወይም ቆርኪ በክር ይሰኩና ክሩን በሁለት እጃቸው ይዘው እየጎተቱና እየለቀቁ ሲያሽከረክሩት አይታችኋል። የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲው ማኑ ፕራካሽና ባልደረቦቹ በ2017 ይፋ ባደረጉት ሥራ ይህንኑ መጫወቻ ወደ ሕክምና መሣሪያ ለወጡት። ስሙ ፔፐርፊውጅ ይባላል፤ ከወረቀት፣ ከክርና ከመያዣ የተሠራ፣ ክብደቱ 2 ግራም ያህል የሆነ የደም መለያ ነው። ክሩ ሲጎተት ጥምዝምዙ ይፈታና ወረቀቱን ያሽከረክረዋል፣ ሲላላ ደግሞ በሌላ አቅጣጫ መልሶ ይጠመዘዛል፤ ፍጥነቱ በደቂቃ እስከ 125,000 ዙር ይደርሳል። በቀጭን ቱቦ የተያዘ የደም ናሙና በዚህ ፍጥነት ሲሽከረከር ከባድ የሆኑት የደም ሴሎች ወደ ውጪ ይገፉና ፈሳሹ ክፍል ይለያል። ይህ ከ2 ደቂቃ ባነሰ ጊዜ፣ ያለ ኤሌክትሪክ ይከናወናል። የተለመደው ማሽን መብራት በሌለበት ጤና ጣቢያ ከጥግ ተቀምጦ አቧራ ሲጠጣ ይህ ከኪስ ይወጣል። ሰዎቹ ከዚያ ቀደም ሲል ፎልድስኮፕ የተባለውን፣ ከወረቀት ታጥፎ የሚሠራ ማይክሮስኮፕም ለዓለም አቅርበዋል፤ ከአንዲት ደቃቅ ክብ ሌንስ ጋር ነገሮችን 140 ጊዜ ያህል ያጎላል። ብልሃት ማለት እንዲህ ነው!

ከዚህ በተቃራኒ የቆመ ምሳሌም በደብተሬ አስቀምጫለሁ፤ መጥፎ ንድፍን ማጥናትም ዓይን ይከፍታል። ጁሴሮ የተባለው ከኢንተርኔት ጋር የሚገናኝ የጭማቂ መጭመቂያ በ2016 ለገበያ ቀረበ። የኩባንያውን የታሸገ ከረጢት ብቻ ይጨምቃል። በ2017 የብሉምበርግ ጋዜጠኞች ከረጢቱን በእጃቸው ሲጨምቁት ከማሽኑ ብዙም ያልተለየ ጭማቂ አወጡ፤ ኩባንያውም በዚያው ዓመት ተዘጋ። አሁን አንድ መሣሪያ መተግበሪያ አውርዱ ሲለኝ «እጄ ምን ጎደለው?» ብዬ እጠይቃለሁ።

ወደ ድረ ገጾች ስንመጣ መለኪያዬ ትንሽ ይለያል። ይህ ነገር ወረቀት ላይ ቢታተም ምን ያጣል? ምንም ካላጣ ጥሩ ጽሑፍ ሊሆን ይችላል፤ በፈጠራ ድረ ገጾች ክፍል ግን አላስገባውም።

በዚህ መለኪያ ጆሽ ዎርዝ በ2014 የሠራውን የሥርዓተ ፀሐይ ካርታ የሚስተካከል ጥቂት ነው። ጨረቃን 1 ፒክስል፣ ማለትም የስክሪን ሥዕል ከሚሠራባቸው ደቃቅ ነጥቦች አንዷን፣ አድርጎ የቀረውን ሁሉ በዚያው ልክ አስቀምጦታል። ፀሐይ 400 ፒክስል ያህል ስፋት ይዛ በግራ ትታያለች። ከዚያ ወደ ቀኝ መጓዝ ትጀምራላችሁ፤ ጨለማ ነው። አሁንም ጨለማ። መሬት 4 ፒክስል እንኳ የማትሞላ ነጥብ ስትሆን፣ ከፀሐይ እርሷ ጋ ለመድረስ 43,000 ያህል ፒክስል ማለፍ አለባችሁ፤ 1,920 ፒክስል ስፋት ባለው ስክሪን ቢሰላ ከ22 ስክሪን በላይ ነው። በባዶው መካከል ሠሪው አልፎ አልፎ አጫጭር ጽሑፎች ጣል አድርጓል፤ ጉዞው እንዳይሰለች ያደርጋሉ፣ ባዶነቱንም የበለጠ ያጎላሉ። ገጹ በራሱ በብርሃን ፍጥነት እንዲጓዝ የሚያደርግ ቁልፍም አለው። ስትጫኑት በዓለም ላይ ፈጣን የሆነው ነገር ስክሪናችሁ ላይ ሲያዘግም ታያላችሁ፤ መሬት ለመድረስ 8 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። በአንድ ኢንች 96 ፒክስል ሒሳብ ይህን ካርታ ብናትመው እስከ ፕሉቶ ድረስ 450 ሜትር ያህል ወረቀት ይፈልጋል። በመጽሐፍ የምናየው የፕላኔቶች ሥዕል ሁሉ ርቀቱን ለምን እንደሚያሳጥር የገባኝ እዚህ ነው።

ሌላው ባርቶሽ ቼሃኖቭስኪ ስለ ሜካኒካል የእጅ ሰዓት በ2022 ያዘጋጀው ገጽ ነው። እያንዳንዱ የሰዓቱ ክፍል በሥዕል ቀርቧል፤ ሥዕሉን በጣታችሁ ይዛችሁ ታዞሩታላችሁ፣ እንቅስቃሴውን ታዘገዩታላችሁ። የተጠመጠመው ሞላ መላላት ይፈልጋል፤ ጥርስ ያላቸው ጎማዎች ጉልበቱን ያስተላልፋሉ፤ ሹካ መሰሉ ክፍል ደግሞ የመጨረሻውን ጎማ አንድ ጥርስ ያሳልፍና ይይዘዋል፣ እንደገና አንድ ያሳልፍና ይይዘዋል። «ቲክ ቲክ» የምንለው ድምፅ ከዚህ ማሳለፍና መያዝ ይወጣል፤ በብዙ ዘመናዊ ሜካኒካል ሰዓቶች በሰከንድ 8 ጊዜ ይከሰታል። በተግባር ከዓይን ፍጥነት በላይ የሆነውን እዚያ በእጄ አቁሜ ተመለከትኩት። ማስታወቂያ የለበትም፤ አንባቢን አያጣድፍም። ካየኋቸው ማስተማሪያዎች ሁሉ የማስቀድመው እርሱን ነው።

በአጭሩ የማልፋቸው ሁለት አሉ። ሬዲዮ ጋርደን ከ2016 ጀምሮ መሬትን እንደ ኳስ እያዞራችሁ አረንጓዴ ነጥቦቹ ላይ ስትቆሙ የዚያን ቦታ ሬዲዮ በቀጥታ ያሰማችኋል። ካሜሮን ቤካሪዮ በ2013 የጀመረው የነፋስ ካርታ ደግሞ የአየር ትንበያ መረጃን ወስዶ በመሬት ላይ የሚጎርፍ መስመር ያደርገዋል። ሁለቱም ካርታ የምንለውን ነገር ስሜት ሰጥተውታል።

ስለ ማስቀመጥ አንድ ነገር ልጨምር። በአንድ ወቅት የብዙ የፈጠራ ድረ ገጾች መሠረት የነበረው፣ ተንቀሳቃሽ ሥዕልና ጨዋታ የሚሠራበት ፍላሽ የተባለ ሶፍትዌር በ2020 መጨረሻ ድጋፉ ሲቋረጥ እልፍ ጨዋታና ሥዕል አብሮ ሊጠፋ ነበር። በርካታው የተረፈው ኢንተርኔት አርካይቭ የተባለው የዲጂታል ቤተ መዛግብት ሰዎች ሰብስበው፣ ራፍል በተባለ ሶፍትዌር ዳግም እንዲከፈት ስላደረጉት ነው። እኔም አንድ ገጽ ሲማርከኝ አድራሻውን የድረ ገጾችን ቅጂ በሚያኖረው ዌይባክ ማሽን አስቀምጣለሁ። ይህ መሣሪያ ከ2001 ጀምሮ ለሁሉም ክፍት ነው፤ በጥቂት ጠቅታ ገጹን ለነገ ያኖረዋል። እንቅስቃሴ የበዛባቸው ገጾች ሁልጊዜ ሙሉ በሙሉ አይቀመጡምና ከአድራሻው አጠገብ ያየሁትንና ያደረግሁትን እጽፋለሁ። ማስፈንጠሪያው ቢሞት ጽሑፉ ይቀራል።

ስለዚህ አሁን አንድ ምዝገባ ይህን ይመስላል፦ ስሙ፣ ሠሪው፣ ዓመቱ፣ ያቃለለው ችግር፣ አሠራሩ በራሴ ቃላት፣ ከተቻለም በእጄ የተሣለ ሥዕል። ከእነዚህ ሁሉ የሚከብደውና የሚጠቅመው ሥዕሉ ነው። የቀስቷን ሥዕል ለመሣል የፈጀብኝ ቅጽበት ነው፤ የሰዓቱን ሹካ ለመሣል ግን ገጹን ደጋግሜ መክፈት ነበረብኝ፤ በመሣል ላይ እያለሁ ነው አሠራሩ በደንብ የገባኝ።

ቀጣዩ ፍለጋዬ በድምፅና በመዳሰስ የሚሠሩ ነገሮች ላይ ነው፦ ሳይታዩ የሚነግሩን ማብሪያዎች፣ በጣት የሚነበቡ ምልክቶች፣ ዓይነ ስውራን እንደ ሌላው ሁሉ የሚደሰቱባቸው ድረ ገጾች። ነዳጅ ጠቋሚዋን ቀስት የመሰለ፣ ባትሪ የማይፈልግ ነገር ካገኛችሁ አሠራሩንና ያቃለለውን ችግር አብራችሁ ጻፉልኝ፤ ሥዕል ከጨመራችሁበት ደግሞ ደብተሬ ላይ ከነስማችሁ እለጥፈዋለሁ።