የአያትህ ስም ማን ነው?

ባለፈው ሳምንት የአክስቴ ልጅ ከአዲስ አበባ በቴሌግራም ድምፅ ላከልኝ። «ወንድሜ፣ እናንተ ጋ ሞርሞን የሚባሉ ሰዎች አሉ አይደል? ሃይማኖታቸውን የተቀበለ ሰው አሜሪካ ይወስዱታል ሲባል ሰማሁ። እስቲ አጣራልኝ» ይላል። ሁለቴ ሰማሁት። ልቆጣው ብዬ ተውኩት። እኔም ከመምጣቴ በፊት ያልጠየቅኩት ነገር አልነበረም።

መልሱ አጭር ነው። አይወስዱህም። በጥምቀት የሚገኝ ቪዛ የለም። ይህን ጽፌ ልዘጋው ነበር። ግን ሞርሞን የሚለውን ቃል ስሰማ አንድ ቅዳሜ መጣብኝ። ያቺን ቅዳሜ ለማንም አውርቼ አላውቅም።

የምኖረው ሶልት ሌክ ሲቲ ነው። ከተማዋን የቆረቆሯት ሞርሞኖቹ ናቸው። በፈረንጆቹ 1847 ከምሥራቅ ተሰደው፣ ሜዳና ተራራ አቋርጠው እዚህ ሸለቆ ውስጥ ሰፈሩ። መሃል ከተማ ያለውን ቤተ መቅደሳቸውን ለመሥራት 40 ዓመት ፈጅቶባቸዋል። እኔ ስመጣ ግን ይህን አላውቅም። ለእኔ ከተማዋ ማለት የሌሊት ሥራ፣ በረዶ እና አውቶቡስ ነበረች።

ያሳደገችኝ አያቴ ናት። እማማ ነበር የምላት። ከደብረ ብርሃን ወጣ ብሎ ባለ ገጠር ኖራ እዚያው አረፈች። ስትሞት ዘመዶቼ ደበቁኝ። ሰው አገር ብቻውን እንዳይረዳ ብለው ነው። እዚህ ያሉ የአገሬ ልጆች ተሰባስበው ሊነጋጋ ሲል በሬን ሲያንኳኩ ገና ሳይናገሩ ገባኝ። ከተቀበረች ሁለት ሳምንት ሆኗት ነበር። ወረቀቴ ስላላለቀ መሄድ አልቻልኩም። ጥገኝነት ጠይቆ ቀጠሮ የሚጠብቅ ሰው ይህን ሳላብራራለት ያውቀዋል።

አርባዋ ቅዳሜ ዋለ። እዚያ ተዝካሯ ይወጣል። ጠላው ተጠምቋል፣ ካህናቱ ተጠርተዋል። እኔ አፓርታማ ውስጥ ብቻዬን ነኝ። ቢያንስ ቡና ላፍላላት አልኩ። አገር ቤት ሳለሁ ቡና ቆልቼ አላውቅም፣ የወንድ ሥራ አይደለም ተብዬ ነው ያደግኩት። ከሐበሻ ሱቅ ድፎ ዳቦ ገዛሁ። ቆሎም ቆላሁ። ቡናው ጠቆር ማለት ሲጀምር የጭስ አላርሙ ጮኸ። ወንበር ላይ ቆሜ በፎጣ ሳራግብ በሩ ተንኳኳ። ጎረቤት በጩኸቱ ተማሮ የመጣ መሰለኝ።

ስከፍት ሁለት የሞርሞን ሰባኪ ልጆች ናቸው። ነጭ ሸሚዝ፣ ከረባት፣ ትከሻቸው ላይ በረዶ። ደረታቸው ላይ ጥቁር ባጅ አለ፣ ባጁ ላይ «ኤልደር» ይላል። ኤልደር ማለት ሽማግሌ ማለት ነው። አንደኛው ጺም እንኳ አላበቀለም። በእኛ አገር ሽማግሌ በር ላይ ከቆመ ወይ ልጅ ሊጠይቅ ነው ወይ ሊያስታርቅ ነው። እነዚህ የ19 ዓመት ሽማግሌዎች ስለ ኢየሱስ ክርስቶስ ልንነግርህ መጣን አሉኝ።

አሜሪካ ውስጥ ለማታውቀው ሰው በር አይከፈትም። ይህን ቀድሞ የመጣ ሁሉ ይመክርሃል። ግን ተዝካር ነው። በተዝካር ቀን ደጅ የመጣ ሰው አይመለስም። ግቡ አልኳቸው። እርስ በርሳቸው ተያዩ። ጠዋት ከወጡ ጀምሮ ግቡ ያላቸው ሰው እንዳልነበረ በኋላ ነገሩኝ።

ዳቦውን ቆረስኩላቸው። አቦሉን ቀድቼ በሁለት እጄ አቀረብኩ። «ይቅርታ፣ ቡና አንጠጣም» አሉ። ደሜ ፈላ። የሙት ቡና እምቢ ይባላል እንዴ? በእኛ ዘንድ ይህ ጠብ ነው። ምክንያቱን የተረዳሁት ቆይቼ ነው። ነቢያቸው ጆሴፍ ስሚዝ በ1833 ባወጣው ሕግ ቡና፣ ሻይ፣ አልኮልና ትምባሆ ተከልክለዋል። ሁለቱ ስኒዎች ረከቦቱ ላይ እንደተሞሉ ቀዘቀዙ። እኔም አላነሣኋቸውም። ቆሎውን ግን እየዘገኑ ጨረሱት።

ዛሬ ምን ቀን እንደሆነ ነገርኳቸው። እምነታቸውን ማስረዳት የጀመሩት ከዚያ በኋላ ነው። በገባኝ መጠን ልንገራችሁ። ሰው ከመወለዱ በፊት በእግዚአብሔር ዘንድ በመንፈስ ይኖር ነበር ይላሉ። ሲሞት ወደ መናፍስት ዓለም ይሄዳል፣ እዚያም ትንሣኤን ይጠብቃል። በሕይወቱ ወንጌላቸውን ያልሰማ ሰው እዚያ ይሰበካል። ከፍርድ በኋላ ያለው ክብር ሦስት ደረጃ አለው። ሰለስቲያል እንደ ፀሐይ፣ ተሬስትሪያል እንደ ጨረቃ፣ ቴለስቲያል እንደ ከዋክብት። ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች ከጻፈው ይጠቅሱልሃል። ጨርሶ ወደ ውጭ ጨለማ የሚጣለው እጅግ ጥቂት ሰው ነው። አብዛኛው ሰው፣ ኃጢአተኛውም ጭምር ከቅጣቱ በኋላ፣ ከሦስቱ አንዱን ያገኛል። ገነትና ሲኦል ሲባል ላደገ ሰው ይህ ግራ ያጋባል።

ከሁሉ የበለጠ የሚያተኩሩት ግን ቤተሰብ ላይ ነው። በቤተ መቅደሳቸው የታተመ፣ ማለትም በሥርዓት ለዘላለም የተሳሰረ ቤተሰብ በሞት አይለያይም። አንደኛው ልጅ «ከአያትህ ጋር እንደገና ቤተሰብ ሆነህ ትኖራለህ» አለኝ። በአርባዋ ቀን፣ ባዶ ቤት ውስጥ ይህን ሰማሁ። አልዋሽም፣ እንባዬ መጣ።

እንባዬ ሳይደርቅ ቀጠለ። አያትህ በሕይወት ሳለች በእኛ ቤተ ክርስቲያን ባትጠመቅም በስሟ ሌላ ሰው ሊጠመቅላት ይችላል አለኝ። ለሙታን መጠመቅ ይሉታል፣ ከ1840 ጀምሮ ያደርጉታል። ገንዳው በ12 በሬዎች ምስል ላይ የተቀመጠ ነው። ወጣት አባሎቻቸው ነጭ ለብሰው ስለ ሟች እየተጠሩ ይነከራሉ።

ቆጣ አልኩ። እማማ እኮ በሰማንያ ቀኗ ተጠምቃለች! ሰባቱን አጽዋማት ስትጾም የኖረች ሴት ናት። በታመመችበት ዓመት እንኳ ሁዳዴን አልገደፈችም። እኛ በየቅዳሴው «በአንዲት ጥምቀት እናምናለን» የምንል ሰዎች ነን። በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ ይህን ሁሉ ነገርኳቸው። ልጁ አልተከራከረኝም። «ማንም አያስገድዳትም፣ እምቢ ማለት ትችላለች» አለ ቀስ ብሎ። እማማን አውቃታለሁ። እምቢ ትላለች። ግን መጀመሪያ ታበላቸው ነበር።

ሁለተኛው፣ ዝምተኛው ልጅ፣ አባቱ ትንሽ ልጅ ሳለ ለኢትዮጵያ ጾሞ እንደነበር ነገረኝ። እንዴት አልኩት። ነገሩ እውነት ነው። ጥር 19 ቀን 1977፣ በእነሱ ጃንዋሪ 27 ቀን 1985፣ የቤተ ክርስቲያኑ አባላት ለድርቁ ተጎጂዎች በአንድነት ጾመዋል። ያልበሉትን ምግብ ዋጋ አወጡ፣ ከ6 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሰበሰበ። አገሬ የምትታወቀው በረሃብ ብቻ መሆኑ ሁልጊዜ ያመኛል። በዚያ ቀንም አመመኝ። ግን ባዕድ ሕፃን ሆዱን አስርቦ ለወገኔ ሰጥቷል። ጾም ደግሞ የምናውቀው ነገር ነው። ምን ልበል? እግዜር ይስጥልኝ አልኩ።

ያዋረደኝ ነገር የመጣው ከዚህ በኋላ ነው።

ዝምተኛው ልጅ ስልኩን አወጣና የዘር ሐረጉን አሳየኝ። እንደ ማራገቢያ የተዘረጋ ሥዕል ነው። መሃል ላይ እሱ አለ፣ ከዚያ አባትና እናት፣ ከዚያ አራት አያቶች፣ ከዚያ ስምንት፣ ከዚያ አሥራ ስድስት። በጣቱ እየነካ ያሳየኛል። ይቺ ከዴንማርክ የመጣች ናት። ይሄ በእጅ ጋሪ ዕቃውን እየጎተተ እዚህ የደረሰ ነው። ሁሉንም በስም ያውቃቸዋል። ከዚያ ቀና ብሎ ጠየቀኝ። «የአያትህ ስም ማን ነው? ሙሉ ስሟ?»

ስሟንና የአባቷን ስም ተናገርኩ። «የእናቷስ?» ዝም አልኩ። «በየትኛው ዓመት ተወለደች?» ዝም። «የእናቷ እናትስ?» ዝም።

እኔ ማን ነኝ? ሥራ ቦታ አሜሪካኖች ሲያወሩ የሦስት ሺህ ዓመት ታሪክ አለን የምለው ሰው ነኝ። ሰባት ቤት ቆጥረን ነው የምንጋባው እያልኩ የምኮራ ነኝ። በአባቴ በኩል ሰባት ድረስ እወርዳለሁ፣ በልጅነቴ ተገርፌ ነው ያጠናሁት። ያሳደገችኝን ሴት እናት ግን አላውቃትም። ሴቶቹን ማንም አላስቆጠረኝም፣ እኔም አልጠየቅኩም። ልጁ ምንም ክፉ ነገር አልተናገረም። ስልኩን ቀስ ብሎ ኪሱ ከተተ። ያ ይበልጥ አሳፈረኝ።

ሊሄዱ ሲነሡ ለጥምቀት አንድ ቀን ጠቅሰው «ትመጣለህ?» አሉኝ። እንግዳን እምቢ ብዬ መሸኘት አልችልም። «እሺ፣ እናያለን» አልኩ። እኛ ዘንድ ይህ እምቢ ማለት ነው፣ ሕፃን ልጅ ይገባዋል። እነሱ ደብተራቸው ላይ ጻፉት። ማክሰኞ ተመልሰው መጡ። ሐሙስም መጡ። ጥፋቱ የእኔ ይሉኝታ ነው፣ የእነሱ አይደለም። በመጨረሻ ቁርጡን ነገርኳቸው፣ ኦርቶዶክስ ነኝ፣ እንደዚሁ እሞታለሁ አልኩ። ጨብጠውኝ ሄዱ።

ከመሄዳቸው በፊት ግን አንድ ነገር ጠየቅኳቸው። እዚህ ብዙ የቆዩ ሐበሾች ነግረውኝ ነው። እስከ ጁን 1978 ድረስ ጥቁር ወንድ በዚያ ቤተ ክርስቲያን ክህነት አይሰጠውም ነበር። ጥቁር ሰው ቤተሰቡን በቤተ መቅደስ ለማሳተምም አይፈቀድለትም ነበር። እውነት ነው ወይ አልኳቸው። ፊታቸው ቀላ። እውነት ነው አሉ፣ አልካዱኝም። ለዘላለም አብራችሁ ትኖራላችሁ የሚለው ቃል የእኔን ቆዳ ለያዘ ሰው ያን ያህል ዘመን አልተባለም ማለት ነው። ይህን የምጽፈው ላስጠላቸው አይደለም። የሚሄድበትን ቤት አውቆ ይሂድ ብዬ ነው።

የእማማን ጉዳይ ግን ልተወው አልቻልኩም። በዚያው ሳምንት እዚህ ላለችው ቤተ ክርስቲያናችን ቄስ ደወልኩ። አባ፣ አያቴን በጸሎት ያስቡልኝ አልኳቸው። «እሺ ልጄ፣ ስመ ክርስትናቸው ማን ይባላል?»

ይህንንም አላውቅም። በአንድ ሳምንት ሁለቴ። የፈረንጁ ልጅ የጠየቀኝን የራሴ ቄስ ደገሙት። እማማ ስመ ክርስትናዋን አትናገርም ነበር። መተት ይሠሩበታል ትል ነበር። በእኛ አካባቢ ብዙ ሰው እንደዚያ ነው፣ የዓለም ስሙን እንጂ የክርስትና ስሙን ለማንም አያወጣም። ደብቃ ጠበቀችው፣ እኔም ሳልሰማው ቀረሁ።

አክስቴን ለማግኘት አራት ቀን ፈጀ። ኔትወርክ የለም፣ ሲኖር ባትሪ የለም። አራተኛው ቀን ሌሊት ላይ አነሣች። ስነግራት መጀመሪያ ፈራች። «በስልክ ይነገራል እንዴ? ሰው ይሰማናል» አለችኝ። ለቄሱ ነው ብዬ ማልኩላት። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነገረችኝ። የኤሌክትሪክ ሂሳብ የመጣበት ፖስታ ጀርባ ላይ ጻፍኩት። ቄሱ በሰማንያዋ በዚያ ስም ጸለዩላት።

ከዚያ ወዲህ በዕረፍት ቀኔ መሃል ከተማ ወዳለው የዘር ሐረግ ቤተ መጻሕፍታቸው ሄጃለሁ። በነፃ ነው፣ ሃይማኖትህን አይጠይቁም። አንዲት አሮጊት አጠገቤ ተቀምጣ ሙሉ ሰዓት ረዳችኝ። የእኔን ሰዎች አላገኘሁም። ሊትል ኮተንውድ በሚባል ሸለቆ ውስጥ የግራናይት ተራራ ሰርስረው የዓለምን የልደትና የሞት መዝገብ ፊልም ያስቀመጡበት ዋሻ አላቸው። እኛ ዓለት ፈልፍለን ቤተ ክርስቲያን ሠራን፣ እነሱ ዓለት ፈልፍለው ስም አኖሩ። የእማማ ስም ግን እዚያም የለም። የነበረው አንዲት አክስቴ ጋ ብቻ ነው።

ስለዚህ ለመውጣት የምትዘጋጁ፣ ምን ልያዝ ብላችሁ ለምትጠይቁኝ፣ በርበሬውንና ሽሮውን ተዉት፣ እዚህ ይሸጣል። ደብተር ይዛችሁ አያቶቻችሁ ዘንድ ሂዱ። ሴቶቹን ጠይቁ። ስመ ክርስትናቸውን ጠይቁ፣ ከፈሩ ለቄስ ብቻ እንደምትነግሩ ማሉላቸው። መርዶ ሲመጣ ከዚህ ሆናችሁ ማድረግ የምትችሉት ነገር በጣም ትንሽ ነው፣ ለዚያችም ትንሽ ነገር ስም ያስፈልጋል። የፈረንጅ ሽማግሌ በራችሁን ቢያንኳኳ ደግሞ አትፍሩ። ውኃ ስጡት፣ ቡና አትቅዱለት። ካልፈለጋችሁ ደግሞ አልፈልግም በሉት፣ እሺ አትበሉ።

የእማማን ስመ ክርስትና እዚህ አልጽፈውም። እሷ አትወድም።

ለአክስቴ ልጅ መልስ ላኩለት። ቪዛ የለም፣ ግን አንድ ነገር ታዘዝልኝ አልኩት። እማማ ሰፈር ወርዶ የእናቷን ስም እንዲጠይቅልኝ። አክስቴ አታውቀውም፣ ከቤተ ክርስቲያኑ በታች የሚኖሩ አንድ ሽማግሌ ያውቁ ይሆናል ብላለች። ዘጠና ዓመት አልፏቸዋል አሉ። ቅዳሜ እሄዳለሁ ብሎኛል።