ብረት ቆጣሪው ሶፍትዌር

አሜሪካ ውስጥ የምሠራበት ላብራቶሪ የሟቾችን አንጎል ለምርምር ያዘጋጃል። አብዛኞቹ ዕድሜ የጠገቡ ሰዎች ናቸው። ሰው ሲያረጅ አንጎሉ ውስጥ ብረት ይጠራቀማል፤ በተለይ ግሎበስ ፓሊደስ በሚባለው ጥልቅ ክፍል። እዚያው የደም ሥር ግድግዳ ላይ ካልሲየምም ይጋገራል፤ ብዙው ሰው ሳያውቀው ዕድሜውን ይጨርሳል።

አንድ ወጣት ተመራማሪ ይህን ብረት መቁጠር ፈለገ። ቀለሙን እኛ ቀባንለት። ዘዴው ጀርመናዊው ማክስ ፐርልስ እ.ኤ.አ. በ1867 ያስተዋወቀው ነው። ፖታሲየም ፌሮሳያናይድና ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ቀላቅለህ ስስ የአንጎል ቁራጭ ላይ ስታደርግ፣ ብረት ያለበት ቦታ ቁልጭ ያለ ሰማያዊ ይሆናል።

ስላይዶቹ፣ ማለትም ቁራጮቹ የተለጠፉባቸው መስታወቶች፣ በስካነር ፎቶ ተነሱ፤ ሶፍትዌሩ ቆጠረ። ከአንድ ሰው አንጎል የወጣው ቁጥር ሌሎቹን አስከነዳ። ወጣቱ ዶክተር ደስታውን አልቻለውም፤ ግራፉን ሳይቀር ሠርቶ ጨርሷል።

ጋሼ የክፍላችን አንጋፋ ናቸው፣ አገር ቤትም በዚሁ ሙያ የኖሩ። ግራፉን ተወውና ስላይዱን አምጣ አሉኝ። ማይክሮስኮፑ ላይ ትንሽ ቆዩና፣ “ና እስቲ፤ ይሄ ሰማያዊ ነው እንዴ?” አሉ።

አየሁት። ነጥቦቹ ቡናማ ናቸው፣ ወደ ጥቁር የሚወስዳቸው። ደም በቋጠሩ ሥሮች ዙሪያ እንደ ተልባ ተበትነዋል። ሰማያዊም አለ፤ ግን በጣም ያነሰ። ለካ ሶፍትዌሩ የሚቆጥረው ፎቶውን ወደ ጥቁርና ነጭ ለውጦ ነው፤ ለእሱ ቡናማም ሰማያዊም ያው ጥቁር ነው።

ጋሼ ብርሃንን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፉትን ሁለቱን የፖላራይዘር ማጣሪያዎች አስገብተው አንዱን አዞሩት። ስላይዱ ጨለመ። ቡናማዎቹ ግን ቦግ አሉ። “የፎርማሊን ጣጣ ነው” አሉ።

ሙሉ አንጎል እንዳይበሰብስ ፎርማሊን ውስጥ ለሳምንታት ይዘፈዘፋል። ፎርማሊኑ ባፈር (አሲድነትን የሚገታ ውህድ) ከሌለው እየቆየ ይኮመጥጣል፤ ያኔ ከደሙ ሄሞግሎቢን ጋር ተገናኝቶ ይህን ቡናማ ቅንጣት ይፈጥራል። ሰውየው በሕይወት ሳለ አንጎሉ ውስጥ አልነበረም ማለት ነው። የሚገርመው፣ ቅንጣቱ ራሱ ብረት አለበት። ግን ብረቱ ተጠፍሮ ስለታሰረ የፐርልስ ቀለም አያገኘውም።

ከዚያው የአንጎል ብሎክ አዲስ ቁራጭ ቆረጥን። መጀመሪያ አልኮል ውስጥ በሟሟ ፒክሪክ አሲድ አጠብነው (ፒክሪክ አሲድ ሲደርቅ የሚፈነዳ ነገር ነው፤ ጠርሙሱን ባነሳሁ ቁጥር ልቤ ድንግጥ ይላል)። ከዚያ ፐርልስ ቀባነው። ቡናማው ጠፋ፣ ሰማያዊው ቀረ። ቁጥሩም ከሌሎቹ ጋር ተቀራረበ።

ዶክተሩ መጀመሪያ ላይ አልዋጥ ብሎት ነበር። “ሶፍትዌሩ እኮ ተፈትኗል” አለ።

“ተፈትኗል፤ ጥቁር ነጥብ በመቁጠር” አሉት ጋሼ።

አሁን የሚያስቆጥረው ባለ ቀለሙን ፎቶ ነው። ቀለም ያልነካው አንድ ቁራጭም አብሮ እንዲላክለት ይጠይቃል፤ እዚያ ላይ ቡናማ ከታየ ከቀለሙ የመጣ አይደለማ። ማይክሮስኮፑ ጋ ግን እስካሁን ብቅ ብሎ አያውቅም።