በመቀስ የተቆረጠው ስትሪፕ
ቸርችል ጎዳና ዳር ያለ መድኃኒት ቤት፣ ጥር 15 ቀን 2018 ዓ.ም. አመሻሽ። በዚያው ሌሊት ዱባይ ወዳለች ልጃቸው የሚበሩ እናት የጉልበት ሕመም ማዘዣ አቀረቡ፦ ትራማዶል (ጠንካራ የሕመም ማስታገሻ) 50 ሚሊግራም፣ 14 ፍሬ፣ በቀን ሁለት ጊዜ። ድራጊስቱ አንድ ሙሉ ስትሪፕ አውጥቶ ከሌላው አራት ፍሬ በመቀስ ቆረጠና የወረቀት ከረጢት ውስጥ ከተተው። ማዘዣውን ፋይል ሊያደርግ አስቀረ። ለአገር ውስጥ ይህ የተለመደ ነው፤ ሰው የሚገዛው በፍሬ ነው።

«ከኢንሱሊኔ ጋር ሻንጣ ውስጥ እከተዋለሁ» ሲሉ ዋናዋ ፋርማሲስት ከኋላ ብቅ አለች።

«የትኛው ሻንጣ፣ እማማ?»

«ትልቁ ነዋ ልጄ፣ የሚጫነው።»

ኢንሱሊን አይጫንም። ሻንጣው ሊጠፋ ወይም በዕቃ ክፍሉ ብርድ ሊረጋ ይችላል፤ አንዴ የረጋ ኢንሱሊን ቢቀልጥም ይጣላል እንጂ አይወጋም። የያዙትም አንድ ብልቃጥ ብቻ ነበር። ጠዋት 24፣ ማታ 12 ዩኒት ለሚወስድ ሰው ባለ 1000 ዩኒቱ ብልቃጥ 27 ቀን ነው የሚሄደው፤ ቆይታቸው ደግሞ 30 ቀን። ሁለት ተጨመረላቸው፤ ሁሉም ከነካርቶናቸው፣ ከሲሪንጁ ጋር በእጅ ቦርሳ።

የከበደው ትራማዶሉ ነው። በኤምሬትስ ቁጥጥር የሚደረግበት መድኃኒት ስለሆነ ይዞ ለመግባት ከአገሪቱ መንግሥት አስቀድሞ በኢንተርኔት የሚገኝ ፈቃድ ያስፈልጋል። ማዘዣው ቢመለስላቸውም ብዙ አይረዳቸውም ነበር፤ ቀኑ «15/5/18» ነው የሚለው። የእኛን አቆጣጠር ለማያውቅ የጉምሩክ ሠራተኛ ይህ ከሰባት ዓመት በፊት የተጻፈ ወረቀት ነው።

ሐኪሙ ስልክ ተደወለላቸው። መድኃኒቱ ገና ያልተጀመረ ስለነበር በፓራሲታሞል ቀየሩት። ክሊኒኩ ቅርብ ስለሆነ የወንድማቸው ልጅ ሮጦ ማኅተም ያለው የእንግሊዝኛ ደብዳቤ አመጣ፦ ስማቸው ልክ በፓስፖርቱ ፊደል፣ የኢንሱሊኑ የሳይንስ ስም፣ መጠኑ፣ የሲሪንጁ ብዛት፣ ቀኑ በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 23 ቀን 2026። «ጠዋት 1 ሰዓት» የሚለውም «ከቁርስ በፊት» ተባለ፤ እዚያ 1 ሰዓት እኩለ ሌሊት ካለፈ በኋላ ነውና።

እናትየው ከሄዱ በኋላ ድራጊስቱ የተመለሱትን አራት ፍሬዎች ከቀሩት ስድስት ጋር ገጠማቸው። የባች ቁጥሩም (የምርት ዙሩ መለያ)፣ የአገልግሎት ማብቂያ ቀኑም ያለው ስድስቱ ላይ ነበር።